በዋልካ ማሳ ላይ የቆመች የበረሃ ወፍ

ወፍ አየሁ ስል ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ቀለሟን ነው። ለአብዛኞቹ ወፎቻችን ጥያቄው ተገቢ ነው። ጣና ዳር ደንገል ላይ ተቀምጣ ውኃውን የምትጠባበቀው ዓሣ አጥማጅ በሰማያዊ ጀርባዋ ትታወቃለች፤ መስከረም ሲጠባ በጤፉ መካከል ብቅ የሚለው ወፍ በቢጫውና በጥቁሩ ይታወቃል። ዛሬ ልጽፍላት የተነሣሁት ወፍ ግን ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ የላትም። ጀርባዋ አፈርማ ነው፤ ሆዷም ከጀርባዋ ትንሽ ነጣ ያለ አፈርማ ነው። ወንዱና ሴቷ ጎን ለጎን ቢቆሙ እንኳ መለየቱ ዓይን ይፈትናል። ክብደቷ 30 ግራም ገደማ ነው፤ ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። ስንቱ መንገደኛ በአጠገቧ ያልፋል፤ ቆሞ የሚያያት ግን የለም። እኔ የጎጃምን በጋ ያለ እርሷ ማሰብ ከተውሁ ቆይቻለሁ።

በወፍ መጻሕፍት ኢዛቤሊን ዊቲር ትባላለች፤ ዊቲር የብዙ ተዛማጅ ትንንሽ ወፎች የወል ስም ነው። የትውልድ አገሯ ከቱርክና ከደቡብ ሩሲያ ተነሥቶ፣ ካዛኪስታንን አቋርጦ እስከ ሞንጎሊያና ሰሜን ቻይና የሚዘረጋው ዛፍ አልባ ደረቅ ምድር ነው፤ ከፊል በረሃ፣ ጠፍ ሜዳ፣ ድንጋያማ ዳገት። እንቁላሏን የምትጥለው ቅርንጫፍ ላይ ሳይሆን አይጥ መሰል እንስሳት ቆፍረው በተዉት ጉድጓድ ውስጥ ነው። እዚያ ብርዱ ሳይጠና ትነሣና ወደ ደቡብ ትጓዛለች፤ ከፊሎቹ ወደ ፓኪስታንና ወደ ሰሜን ምዕራብ ሕንድ፣ ከፊሎቹ ወደ አረቢያ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ወደ አፍሪካ። የምትበርረው ሌሊት ነው፤ እንደ ሽመላ በመንጋ አትሄድም፤ ብቻዋን ነው የምትጓዘው። ጥቅምት ላይ ከእነዚህ ብቸኛ ተጓዦች አንዳንዶቹ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በሉማሜና በብቸና ማሳዎች፣ በየጓሉ ላይ ቆመው ይገኛሉ።

ጎጃም በሰው ሐሳብ ውስጥ ለምለም ነው። ጭጋግ የለበሰ ጮቄ፣ የሰከላ ምንጭ፣ በነሐሴ ጉልበት ድረስ የሚውጥ ጭቃ። የበረሃ ወፍ ከዚህ አገር ምን ትሻለች ብሎ መጠየቅ ያገባል። መልሱን ያገኘሁት ማሳ ዳር ሆኜ የዓመቱን ዙር ስከታተል ነው። ወፏ የምትፈልገው ገላጣ መሬት ነው፤ ሮጣ ነፍሳት የምትለቅምበት፣ ጭልፊት ሲመጣ ከሩቅ የምታይበት፣ ሣርና ቁጥቋጦ የማይጋርዳት መሬት። አሸዋውና ሙቀቱ ቢቀር ግድ የላትም። ይህን ገላጣ መሬት በየዓመቱ የሚያሰናዳላት የጎጃም ገበሬ ነው። የደረሰው ጤፍ በኅዳር ይታጨዳል፤ ነዶው ይከመራል፤ በታኅሣሥና በጥር አውድማ ላይ በበሬ ይወቃል፤ ከብቱ ተለቅቆ ቃርሚያውን ይግጣል። ከዚያ በኋላ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለው ያ ሰፊ አምባ ራቁቱን ይቀራል። ከፈረስ ቁመት የሚበልጥ ነገር ቢኖር የጭድ ክምርና የቤተ ክርስቲያን ደን ብቻ ነው። በካዛኪስታን ሜዳ ያደገች ወፍ ይህን ከላይ ስታይ የምታውቀውን ምድር እንዳገኘች አምናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። በትውልድ አገሯ ከቆፋሪ እንስሳት ተለይታ አትኖርም፤ እዚህም ፍልፈል አለላት። ፍልፈል ከጉድጓዱ አውጥቶ የቆለለው አፈር በማሳው ላይ ካለው ጓል ሁሉ ከፍ ስለሚል የምትመርጠው መቆሚያዋ ነው። ከዚያ ላይ ሆና ዙሪያውን ታያለች፤ ጉንዳን ወይም ጢንዚዛ ስትንቀሳቀስ ካየች ወርዳ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ትለቅማለች፣ ወደ ቁልሉ ትመለሳለች። ፈልጌ ላገኛት ስወጣ ወፏን አልፈልግም፤ ትኩስ የፍልፈል አፈር ነው የምፈልገው።

ላባዋን እዚህ አገር ላይ የሚከዳው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአፈሩ ቀለም ነው። ያ አፈርማ ቀለም የተሠራው ለፈዛዛ ምድር ነው፤ በዚያ ምድር ላይ ዝም ብላ ከቆመች ጭልፊትም አያገኛት። የምሥራቅ ጎጃም ሜዳ ግን ዋልካ ነው፤ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር። በእርሱ ላይ ስትቆም በምጣድ ላይ እንደ ቀረች አንዲት የሽምብራ ቆሎ ከሩቅ ትታያለች። ሁለት እርምጃ ሮጣ የጤፉ ገለባ ውስጥ ከገባች ደግሞ የለችም። ዓይኔን ሳልነቅል እያየኋት ከገለባው ጋር አንድ ስትሆን፣ ይህ ቀለም ምን ያህል ዘመን ወስዶ ተሠራ እያልሁ እደነቃለሁ። አንድ ማሳ ላይ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ የመጋለጥንም የመሰወርንም ትምህርት የምትሰጥ ሌላ ወፍ አላውቅም።

ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማወቅ ሌላ። በጎጃም ደጋ ላይ በአቋምም በመጠንም የሚመስሏት ዘመዶች አሏት። አንደኛዋ የአገር ልጅ ናት። ቀይ ደረት ያላት ዊቲር ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሳትወጣ ዓመቱን ሙሉ ትኖራለች። በጮቄ ግርጌ ባሉ የግጦሽ ሜዳዎች ላይ ከብት ጠባቂ ልጆች ሁሉ ያውቋታል። ከኢዛቤሊን ገዘፍ ትላለች፤ ዓይኗ ላይ ጠቆር ያለ ጭንብል፣ ከበላዩ ነጭ ቅንድብ፣ ደረቷ ላይ ዳማ ቀለም አላት፤ ጅራቷም ከሥሩ ጥቂት ነጭ ካልታየበት በቀር ጥቁር ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ያያት ሰው ከሌላዋ ጋር አያደባልቃትም። ጅራቷ እስከ ወገቧ ድረስ ጥቁር የሆነውና በስሟም የበረሃ ዊቲር የምትባለው ሌላዋ ዘመድ ቦታዋ ደረቁ ቆላ ነው፤ በደጋው ማሳ ላይ አልጠብቃትም። ጥቁርና ነጭ የሆነው ሌላው ዘመዷም ወንዱ በጥቁር ጉሮሮው ራሱን ይናገራል።

ፈተናው የሰሜኗ ዊቲር ናት። እርሷም እንግዳ ናት፤ እርሷም በዚሁ ወቅት በዚሁ ማሳ ላይ ትቆማለች። ወንዱ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ግራጫ ጀርባና ጥቁር ጭንብል ይዞ ስለሚታይ ያን ጊዜ ማንም ይለየዋል። በታኅሣሥ ግን ሁለቱም ዝርያዎች አፈር መስለው፣ ሁለቱም ጓል ላይ ቆመው፣ ሁለቱም ጅራታቸውን እያወዛወዙ ያዩሃል። የወፍ ትምህርት ከቀለም አልፎ ወደ ቅርጽና ወደ ጠባይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ይህን ወፍ የምወድበት ምክንያት ይኸው ነው። ቀለም ስለሌላት ሌላውን ሁሉ እንድታይ ታስገድድሃለች።

መጀመሪያ አቋሟ ነው። ኢዛቤሊን ቀጥ ብላ ትቆማለች። እግሯ ረዘም ይላል፣ ጅራቷ አጠር ይላል፤ ቆማ ሳለች እንኳ ሯጭ መሆኗ ይታወቃል። የሰሜኗ ጎንበስ ያለች ናት፤ እግሯም አጠር ይላል። ይህ ልዩነት ግን በነፋስ ቀን ይጠፋል፤ ነፋስ ሲመታቸው ሁለቱም ያጎነብሳሉ፤ ጭልፊት ሲያልፍ ደግሞ ሁለቱም ይንጠራራሉ። አቋም ጥርጣሬ ያስነሣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ቀጥሎ ፊቷ ነው። የሁለቱም ዓይን ከበላዩ ነጣ ያለ ቅንድብ አለው። በኢዛቤሊን ቅንድቡ ሰፋና ነጣ የሚለው ከዓይን ፊት፣ ወደ ምንቃሩ በኩል ነው። በሰሜኗ ደግሞ ፊት ለፊቱ ደብዘዝ ብሎ ከዓይን በስተኋላ ይነጣል። ይህን ለማየት ፀሐይ ከጀርባህ መሆን አለባት፤ ወፏም ከሠላሳና ከአርባ እርምጃ በላይ መራቅ የለባትም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የማሳው አየር በሙቀት መርገብገብ ስለሚጀምር መነጽር ቢኖርህም ቅንድብ የሚባል ነገር አታይም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መውጣት ነው፤ ውርጩ ከገለባው ላይ ሳይለቅቅ። ያን ጊዜ ግን የማለዳ ፀሐይ ሁሉንም ነገር ወርቅ ስለምትቀባ ስለ ቀለም ምንም መናገር አይቻልም። ቅርጽ በማለዳ፣ ቀለም ትንሽ ዘግይቶ፤ እንዲህ ተራ አስይዤ ነው የማየው።

ከዚያ የታጠፈ ክንፏ ነው። የኢዛቤሊን ክንፍ ከጀርባዋ ብዙም አይጠቁርም። በዚያ ፈዛዛ ክንፍ ላይ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ጥቁር ምልክት ብቻዋን ትታያለች። ወፎች በክንፋቸው መታጠፊያ ላይ፣ በእኛ አውራ ጣት ቦታ፣ ትንንሽ ላባዎች አሏቸው፤ ምልክቷ እነዚያ ላባዎች ናቸው። በሰሜኗ ላይም አሉ፤ ነገር ግን የክንፏ ላባዎች ሁሉ ጠቆር ስለሚሉ በመካከላቸው ይዋጣሉ። ይህችን ጥቁር ምልክት ማየት የለመደ ዓይን ወፏ ሳትንቀሳቀስ ግማሽ መንገድ ይሄዳል።

የቀረውን ግማሽ የሚሞላው በረራዋ ነው። ሁለቱም ወገባቸው ነጭ ነው፤ የጅራታቸውም ሥር ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር ነው። የሰሜኗ ጥቁር መቀነት ጠባብ ነው፤ ከመቀነቱ መካከል ወደ ወገቧ የሚወጣው ጥቁር ዘንግ ግን ረጅም ነው። የኢዛቤሊን መቀነት ሰፊ ሆኖ የጅራቷን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ዘንጉ አጭር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ ደግሞ የክንፏ ሥር ነው። በሰሜኗ ክንፍ ሥር ያሉት ላባዎች ጥቁር ግራጫ ናቸው፤ የኢዛቤሊን ክንፍ ሥር ነጣ ያለ ነው፤ ብርሃን ሲያልፍበት መላ ክንፏ የሳሳ ይመስላል። ይህ የሚታየው ግን ስትነሣና ስታርፍ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው።

ባለፈው ጥር ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ዳር ተቀምጬ የጠበቅሁት ይህንኑ ነው። አንዲት ፈዛዛ ወፍ የፍልፈል አፈር ላይ ቆማለች። አቋሟ ቀጥ ያለ ነው፤ ቅንድቧም ፊት ለፊቱ የነጣ ነው፤ ጥቁሯም ምልክት ትታያለች። የቀረው መነሣቷ ነው። ወፍን ድንጋይ ወርውሮ ማስነሣት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ እያንዳንዱ ጢንዚዛ ዋጋ አለው፤ ለእኔ ማስታወሻ ደብተር ብላ ጉልበቷን ማባከን የለባትም። ስለዚህ ተቀመጥሁ። እርሷ ሮጠች፣ ቆመች፣ ለቀመች፣ ተመለሰች። ከማዶ የበሬ አባራዮች ድምፅ ይሰማል። ጥላዬ እያጠረ ሄደ።

የማሳው ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ምን ጠፍቶኝ እንደ ሆነ ሊጠይቁ መጡ።

“ደኅና አደርህ ልጄ? ምን ትጠብቃለህ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን አባት፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ? ያችን ወፍ ነው።”

እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው አዩአት። ለመነጽሬ ግድ አልነበራቸውም፤ ያለ እርሱም አገኟት። “እርሷንማ አውቃታለሁ” አሉ። “ነዶ ሲነሣ ትመጣለች። በልግ ሳይጥል ትሄዳለች። ሌላ ወፍ ወደ ማሳዋ ከገባ ታባርራለች፤ ክፉ ናት።”

ይህን የተናገሩት እንደ ዋዛ ነው፤ እኔ ግን ደብተሬን አወጣሁ። ይህች ወፍ በብርድ ወራት ማረፊያዋም የራሷን ግዛት ይዛ እንደምትከላከል፣ ሌሎች ዊቲሮችንም እንደምታባርር ያጠኗት ሰዎች ጽፈዋል። እኚህ አባት ያንኑ ያወቁት ከሞፈርና ከቀንበር ኋላ ሆነው ነው። ከየት እንደምትመጣ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ካዛኪስታንና ሞንጎሊያ የሚሉት ስሞች ብዙ አልነገሯቸውም፤ ስለዚህ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከአረብ አገርም ማዶ፣ ወራት በእግር የሚያስኬድ አገር ነው አልኋቸው። “በዚያች ክንፍ?” አሉ። ቀጥለውም “ታዲያ ወርዋሪ ልጆችን እነግራቸዋለሁ” ብለው ወደ አውድማው ተመለሱ። እዚያ ሰፈር ማሽላና ጤፍ የሚጠብቁ ልጆች ወንጭፍ ከእጃቸው አይለይም፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ይህች የአባት ቃል ለወፏ ትበጃለች።

ወዲያው ሌላ ወፍ ከማዶ ማሳ መጥቶ አረፈ። የእኔዋ ተነሣች። ዝቅ ብላ፣ ፊት ለፊት በረረችበት፤ ስትዞር ጅራቷ ተከፈተ፤ ሰፊ ጥቁር፣ አጭር ዘንግ፤ ክንፏም ከሥሩ ፀሐይ አልፎበት ነጣ። ኢዛቤሊን። ልቤ ሲመታ ተሰማኝ። ብዙ ጊዜ ባያት እንኳ ያቺ ቅጽበት አዲስ ናት።

የተባረረው ወፍ ደግሞ የሰሜኗ ዊቲር ነበር፤ ጅራቱ በግልጽ ታይቷል። ስለዚህኛው ወፍ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ለማመን የሚያዳግት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአላስካ የሚፈለፈሉ የሰሜን ዊቲሮችን ተከታትሏል። ተመራማሪዎቹ ከ2 ግራም በታች የሚመዝን መሣሪያ ጀርባቸው ላይ አሰሩላቸው። መሣሪያው የሚመዘግበው ብርሃንን ብቻ ነው፤ ፀሐይ መቼ ወጣች፣ መቼ ጠለቀች። ከቀኑ ርዝመት ወፉ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደ ራቀ፣ ከእኩለ ቀኑ ሰዓት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የት እንዳለ ይሰላል። ወፎቹ ተመልሰው ሲያዙ መሣሪያው የተናገረው ይህን ነው፤ ከአላስካ ተነሥተው መላ እስያን አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ደርሰዋል፤ የአንድ ወገን ጉዞው 14,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሱዳን፣ ኡጋንዳና ኬንያ ከማረፊያዎቻቸው መካከል ነበሩ። ሉማሜ ማሳ ላይ የተባረረው ወፍ ከአላስካ ይሁን ከሩሲያ በዓይን አይታወቅም፤ ነገር ግን 25 ግራም የሚመዝን አካል ይህን መንገድ ይችለዋል ብሎ ማወቅ ማሳውን ራሱን ያሰፋብኛል።

ስለ ተጓዥ ወፍ ሲነሣ እኛ ዘንድ አስቀድማ የምትጠራው የመስቀል ወፍ ናት። ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ሲል “የመስቀል ወፍ ሆንህ” እንለዋለን። ለዚህ ስም ከሚታጩት መካከል በመስከረም ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር ለብሰው፣ አንዳንዶቹም ረጅም ጅራት አብቅለው የሚታዩት ወፎች አሉ። እነዚህ ወፎች ግን ከአገር አይወጡም። ዝናቡ ሲመጣ ወንዱ ለእርባታ ያጌጣል፤ በጋው ሲገባ ያን ጌጥ አውልቆ ቡናማ ድንቢጥ ይመስላል፤ እኛም ሄደ እንላለን። በጥር በየአውድማው ዙሪያ በመንጋ የሚለቅሙት ቡናማ ወፎች መካከል እርሱ ራሱ አለ። በእውነት ሄዶ በእውነት የሚመለሰው እንግዳ ደግሞ ከእነዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ ጓል ላይ ቆሟል፤ ተረትም ምሳሌም አልወጣለትም። ይህ ያሳዝነኛል። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ያሉባት አገር ልጆች ስንሆን በቋንቋችን በስም የምንጠራቸው በጣም ጥቂት ናቸው።

አንድ የቆየ ታሪክም አለ። ይህች ዝርያ በሳይንስ ስም ተሰጥቷት የተጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው፤ ለመግለጫው መነሻ የሆነችው ወፍ የተገኘችውም በኖብያ ነው። ኖብያ፣ በዛሬው ደቡብ ግብፅና ሰሜን ሱዳን ያለችው፣ የአባይ አገር ናት። በቱርክም ሆነ በካዛኪስታን ጎጆዋ አጠገብ ሳይሆን በእንግድነት ከመጣችበት ወንዝ ዳር ነው ለዓለም የታወቀችው፤ ያ ወንዝ ደግሞ ከሰከላ ተነሥቶ ጎጃምን በሦስት ወገን ከቦ የሚወርደው ነው። በደጀን በኩል ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ይህን አስባለሁ። በሸለቆው ገደል ላይ የሚኖሩ ሌሎች ወፎች አሉ፤ የአባይ ሸለቆን ለሚያዘወትሩ ወፍ አጥኚዎች ትልቁ ምኞት ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኘዋ የሃርዉድ ቆቅ ናት። ለእርሷ ብለው ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ወደ ባሕር ዳር ሲያልፉም በመካከል ያለውን ማሳ በመኪና ይሮጡበታል።

ያ ማሳ እየተለወጠ ነው። በአዊ በኩል፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው የእህል መሬቱን ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ሸፍኖታል፤ ለከሰልም ለአፈርም በጅቶታል። በሌላውም ቦታ ባሕር ዛፍ ከማሳ ዳር ወደ ማሳ መሐል እየገባ ነው። መራዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በበጋም አረንጓዴ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ በጋ ስንዴም በብዙ ወረዳ እየተዘራ ነው። ገበሬ ሁለት ጊዜ ሲያመርት ደስ የማይለው የለም፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ነገር ግን ወፍ ሲነሣ ዛፍ ትከሉ፣ አረንጓዴ አልብሱ ብቻ የሚባለው ንግግር ይህችን ወፍ አያውቃትም። በመስኖው እርጥብ ሣር ላይ ቢጫዎቹ ጅራት አወዛዋዥ ወፎች ከከብቱ እግር ሥር ይሯሯጣሉ፤ በባሕር ዛፉ ውስጥ እርግብና ዋኔ ያድራሉ፤ ዊቲር ግን ከሁለቱም የለችም። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ታጭዶ የተተወ፣ ከብት የጋጠው፣ ፍልፈል የቆፈረው መሬት ነው። ስለ ወፎች ጥበቃ የሚመክሩ ሰዎች ሐይቁንና ደኑን በካርታ ላይ ሲያሰፍሩ፣ የበጋውን ገላጣ ማሳም እንዲያስቡት በብርቱ እመኛለሁ። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት እ.ኤ.አ. በ2015 ተመዝግቧል፤ የሉማሜን ማሳ ማንም ይመዝግብልኝ አልልም፤ በላዩ ላይ ማን እንደሚያርፍበት ግን መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ለመውጣት ለምታስቡ አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ይበቃል። የስልክ ካሜራ ለዚህች ወፍ አይሆንም፤ ርቀቱ ይበልጠዋል። ሌላ ካሜራ ያላችሁ ግን ስትነሣ ተከታታይ ፎቶ አንሡ፤ ዓይን የሳተውን ጅራት ፎቶ ይይዘዋል። ከገበሬው ፈቃድ ጠይቁ፤ የሽምብራና የጓያ ማሳ አትርገጡ፤ በዋልካው ላይ በጥቅምትና በኅዳር ገና እርጥበት ስላለ ቡቃያው ይጎዳል። ወፏን አትከተሏት። በተከተላችኋት ቁጥር ከአንዱ ጓል ወደ ሌላው እየሸሸች ጀርባዋን ብቻ ታሳያችኋለች። ተቀመጡ፤ ግዛቷ ያ ማሳ ስለሆነ ዞራ ትመጣለች። የመጀመሪያዋን የምታዩበትን ቀን፣ የመጨረሻዋንም የምታዩበትን ቀን ጻፉ፤ ከቻላችሁ ኢበርድ በተባለው የወፍ መዝገብ ላይ አስገቡት፤ ካልተመቻችሁ ደብተር ይበቃል።

እኔ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን መስመር ይዣለሁ። በሞጣ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ያላችሁ ዘንድሮ ከነዶው መነሣት እስከ በልጉ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ከቀኑና ከቦታው ጋር የጅራቷ ጥቁር መቀነት ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ፣ ክንፏ ከሥሩ ነጣ ያለ ይሁን ግራጫ፣ መሬቱም ጤፍ የታጨደበት ይሁን ሌላ አስፍሩት።